ቪንያሳ ዮጋ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጓደኞቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ እና ምንጣፌን ይዤ ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝን ሰብስቤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

ቪንያሳ ዮጋ ምንድን ነው? ከሌላው ዮጋ በምን ይለያል?

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ያለ ሰው ነው። ቪንያሳ ላይ መቀመጥ ትንሽ ነው። ትቆማላችሁ፣ ትጎነበሳላችሁ፣ በእጅና በእግራችሁ መሬት ትይዛላችሁ፣ በደረታችሁ ዝቅ ብላችሁ ቀና ትላላችሁ። አንዱ አቋም ሳይቆረጥ ወደ ሌላው ይቀጥላል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ትንፋሽ አለው፤ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ አየር ይገባል፣ ወደ ፊት ሲጎነበሱ ይወጣል።

ሃታ በሚባለው ክፍል አንድ አቋም ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ይበዛል። ዪን ላይ ደግሞ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ አንዱን አቋም ለደቂቃዎች መያዝ አለ። ቪንያሳ ከሁለቱም ፈጠን ይላል፤ ላብም ያወጣል። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን "በተለየ መንገድ ማስቀመጥ" ወደሚል ትርጉም ይጠጋል።

እውነት የሺዎች ዓመት ዕድሜ አለው?

ዮጋ እንደ አስተሳሰብና እንደ ተመስጦ በጣም ጥንታዊ ነው። ዛሬ ጂም ውስጥ የምናየው ከትንፋሽ ጋር የተገጣጠመ ተከታታይ እንቅስቃሴ ግን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ያኔ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህር በደቡብ ሕንድ፣ ማይሶር ከተማ፣ በማሃራጃው ቤተ መንግሥት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው በአብዛኛው ጉልበት የሞላቸው ወጣቶች ስለነበሩ ትምህርቱም ዝላይ የበዛበት ሆነ። መምህሩ 100 ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1989 አርፈዋል።

ዓለምን ያዳረሱት ከእሳቸው እጅ የወጡት ናቸው። ፓታቢ ጆይስ አሽታንጋ የሚባለውን፣ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ጠንካራ ስልት አስተማሩ። ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር አቋምን አንድ በአንድ ማስተካከል ላይ አተኮሩ። ኢንድራ ዴቪ የተባሉት የሪጋ ተወላጅ ደግሞ ዮጋን ይዘው ሆሊውድ ገቡ። ዛሬ "ቪንያሳ" ወይም "ፍሎው" ተብሎ የሚሰጠው ክፍል በአብዛኛው የአሽታንጋ ልጅ ነው። ልዩነቱ አስተማሪው ቅደም ተከተሉን እንደፈለገ መቀያየሩ ነው።

"ትንፋሽ ይመራል" ሲባል ምን ማለት ነው?

ከዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። ጀማሪ መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሹ ከኋላ እየሮጠ ይከተለዋል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። አየር መግባት ሲጀምር እጅ መነሳት ይጀምራል፤ ደረት ሲሞላ እጅ ላይ ይደርሳል። ትንፋሹ ካላለቀ እንቅስቃሴውም አያልቅም። ለምሳሌ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን ቅደም ተከተል ውሰዱ። እየሳባችሁ እጅ ወደ ላይ። እያስወጣችሁ ጎንበስ። እየሳባችሁ ጀርባ ቀጥ፣ ደረት ወደ ፊት። እያስወጣችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እንደ ፑሽ አፕ ዝቅ። እየሳባችሁ ደረት ቀና። እያስወጣችሁ መቀመጫን ወደ ላይ ገፍታችሁ የተገለበጠ የ"ቪ" ቅርጽ መሥራት፤ እዚያ አምስት ትንፋሽ ትቆያላችሁ። ከዚያ በመጣችሁበት መንገድ ተመልሳችሁ ትቆማላችሁ።

ጥቅሙ የሚመጣው ከዝግታው ነው። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አምስት ሰከንድ እየሳባችሁ አምስት ሰከንድ ካስወጣችሁ ቁጥሩ ወደ 6 ይወርዳል። ልብ ደግሞ ትንፋሽን ትሰማለች። አየር ሲገባ ምቷ ትንሽ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ወርዶ ልብንና ሆድ ዕቃን የሚነካው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ማስወጣቱ ረጋ ሲል ይህ ነርቭ ይበረታል፤ ሰውነትም "አደጋ የለም" ብሎ ይላላል።

ስለዚህ ትንፋሹ ከተቆራረጠ የቀረው ማሳሳብና ፑሽ አፕ ነው። እሱም አይጠላም። ግን ሰዎች "ከክፍሉ ስወጣ ጭንቅላቴ ቀለል አለኝ" የሚሉት ነገር ከዚያ አይመጣም።

ለምን በአፍንጫ ብቻ? ያ የጉሮሮ ድምፅስ ምንድን ነው?

አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። ከአፍ የጠበበ ስለሆነም ትንፋሹን በግድ ያዘገየዋል። ድምፁ ደግሞ ኡጃዪ ይባላል። መስታወት ላይ "ሃ" ብላችሁ ጭጋግ ስታደርጉ ጉሮሯችሁ የምትጠብበትን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ ያንኑ አፍ ዘግቶ ማድረግ ነው። እንደ ሩቅ የባሕር ድምፅ ያለ ነገር ይሰማችኋል።

ድምፁ ሥራ አለው። የራሳችሁን ትንፋሽ ስለምትሰሙት ሲቆራረጥ ወዲያው ታውቃላችሁ። እኔ ድምፁ ሲጠፋብኝ ከአቅሜ በላይ እየሄድኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት ላይ አሳርፋለሁ። አፍንጫችሁ በጉንፋን ከተዘጋ ግን በአፍ ተንፍሱ፤ ማንም አይቀጣችሁም።

አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል። ችግሩ የኔ ነው?

ከፊሉ የከተማው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ገደማ ያንሳል። እዚሁ የኖረ ሰው ለምዶታል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ግን ደረጃ ሲወጣ እንኳ ያለከልካል። እንዲህ ያለ እንግዳ ካላችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት በዝግታ ያሳልፍ፤ ውሃ ይጠጣ፤ ክፍል ውስጥ እኩል ልሂድ አይበል።

ሰውነቴ ግትር ነው፤ የእግሬን ጣት እንኳ መንካት አልችልም። ይሆንልኛል?

ይሄ ጥያቄ "ቆሻሻ ስለሆንኩ ገላዬን መታጠብ አልችልም" እንደማለት ነው። ግትርነት የመጀመሪያው ምክንያት እንጂ እንቅፋት አይደለም። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉና ጎንበስ በሉ። እጃችሁ መሬት ካልደረሰ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከሥሩ አድርጉለት። የእግር ጣት መንካት ሽልማት የለውም።

ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚውል ሰው የታፋው የኋላ ጅማት ያጥራል፣ ደረቱ ይዘጋል፣ አንገቱ ወደ ፊት ይሄዳል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ከሦስት ወር በኋላ መዳፌ መሬት አልነካም ነበር፤ ግን ጫማዬን ሳስር ማቃሰት ትቼ ነበር።

ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

የማያንሸራትት ምንጣፍ እና የሰውነታችሁን ያህል ቦታ። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። በጣም ወፍራሙ ለጉልበት ይመቻል፤ በአንድ እግር ሲቆሙ ግን ያወዛውዛል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወለል ሴራሚክ ከሆነ ካልሲ አውልቁ። ለመጨረሻው ዕረፍት ጋቢ አዘጋጁ፤ ከዚህ የተሻለ የዮጋ ዕቃ ፈረንጅም አልሠራም።

በሳምንት ስንት ቀን ልሥራ? ለውጡን መቼ አያለሁ?

በሳምንት አንድ ቀን 90 ደቂቃ ከመሥራት በሳምንት አራት ቀን 20 ደቂቃ ይሻላል። ሰውነት የሚማረው በመደጋገም ነው። ትንፋሹና እንቅልፉ ላይ ልዩነቱ በሁለትና ሦስት ሳምንት ሊሰማችሁ ይችላል። የክንድና የሆድ ጥንካሬ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። መተጣጠፍ ደግሞ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ስትተዉት በፍጥነት ይሄዳል።

ሰዓቱ የእናንተ ነው። ጠዋት ሰውነት ይከብዳል፣ ግን ስልክ አይጠራም። ማታ ሰውነት ይፈታል፣ ግን ሰበብ ይበዛል። እኔ 12 ሰዓት ላይ፣ የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ እየመጣ፣ ቤተሰቡ ሳይነቃ እሠራለሁ። ልጆቼ የነቁ ቀን ምንጣፉ የእነሱ ነው።

ክብደት ይቀንሳል?

ብቻውን ብዙ አይጠብቁት። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ ቪንያሳ የሚያቃጥለው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ፈጠን ብሎ አንድ ሰዓት በእግር መሄድም ያንኑ ያህል ያቃጥላል። በሳምንት ይሄን ያህል ኪሎ ትቀንሳላችሁ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

በተዘዋዋሪ ግን ይረዳል። ጭንቀት ሲቀንስ ማታ ማታ ጓዳ መግባት ይቀንሳል። እንቅልፍ ሲስተካከል የምግብ ፍላጎትም ይስተካከላል። ሰውነታቸውን ማድመጥ የለመዱ ሰዎች "ጠግቤያለሁ" የሚለውን ምልክት ቶሎ ይሰማሉ። ያም ሆኖ ጉርሻ የሚያበዛባችሁ ዘመድ ካለ ዮጋም አያድናችሁም።

ጂምንና ሩጫን ይተካል?

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ላብ የሚያወጣ ቪንያሳ ከመካከለኛው እንቅስቃሴ ሊቆጠር ይችላል። የራስን ክብደት በእጅ መሸከሙም ትከሻን፣ ክንድንና ሆድን ያጠነክራል። በአንድ እግር መቆሙ ሚዛንን ይጠብቃል፤ ይህ ዕድሜ ሲገፋ መውደቅን ለመከላከል ትልቅ ነገር ነው።

የጎደለው መጎተት ነው። ቪንያሳ ላይ ሁሉም ነገር መግፋት ነው፤ ወደ ራስ የሚጎተት ነገር የለም። ስለዚህ የላይኛው ጀርባ ይቀራል። ላስቲክ መጎተት ወይም ብረት ላይ መንጠልጠል ጨምሩበት። ሯጭ ከሆናችሁ ሩጫውን አትተዉ፤ ዮጋውን ረፍት በምታደርጉበት ቀን ሥሩት።

ለወገብ ሕመም ይጠቅማል?

እኔን እዚህ ውስጥ ያስገባኝ ወገቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የስቅለት ዕለት፣ ስግደቱ ገና ሳይጋመስ ወገቤን ያዘኝ። የቀረውን ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አጠገቤ የነበሩ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት ሳያቋርጡ ይሰግዱ ነበር። አፈርኩ።

ማስረጃው ጥሩ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ፣ ቦስተን አካባቢ በ320 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ የ12 ሳምንት ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ የማያንስ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚያ የተሰጠው ለወገብ ታማሚ ተብሎ የተዘጋጀ ለስላሳ ዮጋ ነው፤ የሚዘለልበት ፈጣን ክፍል አልነበረም። ወገባችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ትንፋሹን ከቪንያሳ ውሰዱ፣ ፍጥነቱን ተዉት። በእጅና በጉልበት መሬት ይዞ፣ አየር እየሳቡ ጀርባን ወደ ታች ማስረግ፣ እያስወጡ ወደ ላይ ማጉበጥ፤ እዚያ ጀምሩ።

ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠርን የሚያውክ ከሆነ ምንጣፉን ጠቅልላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጭንቀቴን ያጠፋልኛል? መድኃኒቴን ማቆም እችላለሁ?

መድኃኒት በራስ ማቆም የለም። ይሄ ላይ ድርድር አላውቅም።

ዮጋ ጭንቀትን ያቀልላል፤ ስንት ያህል የሚለው ግን በሐቅ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 226 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተለ። ኩንዳሊኒ የተባለውን የዮጋ ዓይነት ከሠሩት 54 በመቶ ያህሉ ተሻላቸው። ስለ ጭንቀት ትምህርት ብቻ ከወሰዱት የተሻላቸው 33 በመቶ ናቸው። አስተሳሰብንና ባህሪን የሚያርመውን የንግግር ሕክምና ካገኙት ግን 71 በመቶ ያህሉ ተሻላቸው። ዮጋ ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ ከባለሙያ ግን አይበልጥም። ጥናቱም ሌላ ዓይነት ዮጋ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ቪንያሳ አልወስደውም።

የዕለት ተዕለቱ ሩጫ የሚያመጣው ዓይነት ጭንቀት ላይ ግን ለውጡን በራሴ አይቻለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሲጋፋኝ፣ ሳላስበው ትንፋሼን ረዘም አድርጌ እያስወጣሁ ራሴን አገኘዋለሁ።

መጨረሻ ላይ መተኛቱ ለምንድን ነው? ሰዓት ማባከን አይሆንም?

ሻቫሳና ይባላል። በጀርባ ተኝቶ ዝም ማለት ነው። የሮጠው ልብ የሚረጋው፣ የሞቀው ጡንቻ የሚላላው እዚያ ነው። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ስጡት። ምንጣፉን ጠቅልሎ እየሮጠ የሚወጣ ሰው ሳይ ቡና አስፈልቶ ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ ይመስለኛል። ብታንቀላፉ ነውር የለውም። ብታንኮራፉ ግን ይሰማል።

የእጄ አንጓና ትከሻዬ ያመኛል። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት የኔን ጥፋት። መጀመሪያ በገባሁበት ጂም ከፊቴ የነበረችውን ሴት እኩል ልከተል ብዬ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወደ ፑሽ አፑ ወረድኩ። አስተማሪው ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ "ቀጥሉ! ቀጥሉ!" ይል ነበር። ለሦስት ሳምንት ኮት ስለብስ ቀኝ እጄን የምታስገባልኝ ባለቤቴ ነበረች።

ያ አቋም ቻቱራንጋ ይባላል። ስህተቱ ትከሻን ከክርን በታች ማውረድ ነው። ክርን ከጎድን ተጠግቶ፣ ከ90 ዲግሪ ሳይወርድ መቆም አለበት። ካልቻላችሁ ጉልበታችሁን መሬት አስነኩ። ለአንጓ ደግሞ ጣቶችን ዘርግቶ ክብደቱን ለመዳፍ ዙሪያና ለጣቶች ማካፈል ይረዳል፤ ሁሉም ክብደት ተረከዘ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚያመው። ሕመሙ ከቀጠለ በክርናችሁ ተደገፉ ወይም ግድግዳ ላይ ሥሩ።

ከዩቲዩብ ብቻ መማር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ብዙዎቻችን ያደረግነው ያንን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ግን ሦስት አራት ጊዜ የሚያያችሁ ሰው ፈልጉ፤ ቪዲዮ ትከሻችሁ ጆሯችሁ ጋ እንደደረሰ አይነግራችሁም። ሌላው ችግር ስክሪን ለማየት አንገት መጠምዘዝ ነው። አንድ አጭር ቅደም ተከተል በቃላችሁ ያዙና ስልኩን ዝጉት።

አስተማሪ ስትመርጡ የሚተጣጠፈውን ሳይሆን የሚጠይቀውን ምረጡ። "የሚያምህ ነገር አለ? እርጉዝ ነሽ?" ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይለፋችሁ። አቋም ለማስተካከል በእጁ ከመንካቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። "አትንካኝ" ማለት መብታችሁ ነው፤ ምክንያት መስጠትም የለባችሁም።

በጾም ወቅት መሥራት ይቻላል?

ባዶ ሆድ ለዮጋ አይከፋም፤ እንዲያውም ከከባድ ምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ጥያቄው ውሃው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ወይም ረመዳን የሚጾም ሰው ከሰዓት በኋላ ላብ የሚያወጣ ክፍል ቢገባ ሊያዞረው ይችላል። ጠዋት ረጋ ያለውን ሥሩ፣ ወይም ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብላችሁ ሠርታችሁ ወደ ማዕድ ሂዱ። ጨለም ካለባችሁ ቁጭ በሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ጾሙንም እንቅስቃሴውንም ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ደም ግፊት፣ ግላኮማ ወይም እርግዝና ካለብኝስ?

ደም ግፊት ላለበት ሰው ረጋ ያለ ትንፋሽ ይስማማዋል። የማይስማማው ትንፋሽ ይዞ መታገል ነው፤ ያኔ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንባቸውን አቋሞች አሳጥሩ፤ በጭንቅላት መቆምን ተዉት። ግላኮማ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። ጭንቅላት ዝቅ ባለ ቁጥር የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ያ የተገለበጠ "ቪ" እንኳ ይጨምረዋል። እጃችሁን ወንበር ወይም ግድግዳ ላይ አድርጉና ጭንቅላት ከልብ በላይ ይሁን።

አጥንት መሳሳት ያለባቸው እናቶችና አባቶች ጀርባን አጉብጦ በኃይል መጎንበስን ይተዉ፤ ቆሞ የሚሠራውና የሚዛኑ ይበቃቸዋል። እርጉዝ የሆነች ሴት ሐኪሟ ከፈቀደላት ልትሠራ ትችላለች። ሆድ የሚያጣምም መዞር፣ በሆድ መተኛት፣ የሞቀ ክፍል እና ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ በጀርባ ረጅም ጊዜ መተኛት ይቅርባት። ለሻቫሳና በግራ ጎኗ ትተኛ።

ሃይማኖቴን ይነካብኛል?

በጣም የምጠየቀው ይሄን ነው፤ ብዙ ጊዜም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ዮጋ የበቀለው ከሕንድ ሃይማኖታዊ አፈር ነው፤ ሂንዱ፣ ቡድሃና ጃይን ሁሉም ይጋሩታል። "ስፖርት ብቻ ነው፣ ከእምነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም" የሚላችሁ ሰው ታሪኩን አላነበበም። በሌላ በኩል ወገቡን የሚያፍታታ ሰው ሁሉ ጣዖት እያመለከ ነው ማለትም አልችልም። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ከዝማሬና ከአምልኮ ክፍሎቹ ጋር የሚሠራውን ዮጋ ለሙስሊሞች ከልክሏል። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ደግሞ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1993 አግዳው በ2021 ነው የፈቀደችው፤ ያኔም "ናማስቴ" የሚለውን የሕንድ ሰላምታ ማለት አይቻልም ብላ። ይሄ ሁሉ ክርክር ባለበት፣ ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ጉባኤ ነው። የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል።

እኔ "ኦም" የሚለውን የዝማሬ ድምፅ አልልም። "ናማስቴ"ም አልልም። አቋሞቹን በሳንስክሪት ስማቸው የምጠራው ሌላ ሰው ሲያስረዳኝ ለመግባባት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ዝማሬ ሲጀመር ዝም እላለሁ፤ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ይሄ የኔ መስመር ነው። የእናንተ ጠበቅ ወይም ሰፋ ሊል ይችላል። ኅሊናችሁ ካልተመቸው እየተጨነቁ ዮጋ መሥራት ትርጉም የለውም፤ የእግር መንገድ አለ፣ ዋና አለ።

የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ቆሜ አሳየኋቸው፤ እጅ ወደ ላይ፣ ጎንበስ፣ መሬት፣ ቀና። ትንሽ ዝም አሉና "በማን ስም ነው የምትሠራው?" አሉኝ። "በወገቤ ስም" አልኳቸው። ሳቁ። "እንግዲያው ዘንድሮ ስቅለት ላይ ግድግዳ ተደግፈህ እንዳላገኝህ" አሉኝ።